ቴሌግራም ለተከታታይ ልብወለድ፦ አንድ መልእክት፣ አንድ ክፍል

ጎንደር ቁጭ ብዬ ተከታታይ ልብወለድ የምለቀው በቴሌግራም ቻናል ነው። መጻፍ የሚጀምሩ ልጆች አዘውትረው «አንድ ክፍል ምን ያህል ይርዘም?» ይሉኛል። የእኔ መልስ አንድ መልእክት ነው።

አንድ መልእክት 4096 ፊደል ይይዛል፤ ክፍት ቦታውም፣ ነጥቡም ተቆጥሮ። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ይሄ ለአማርኛ ሰፊ ነው። ወደ 700 ቃል ገደማ ይገባበታል። ካለፈ ግን ጽሑፉ ለሁለት ተከፍሎ ይሄዳል፣ መቁረጫውንም እናንተ አትመርጡም። ስለዚህ እኔ 3500 አካባቢ አቆማለሁ። ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ የሚመጣ አንባቢ ሳይወርድ እንዲጨርሰው እፈልጋለሁ።

ከርዝመቱ የሚከብደው የት እንደሚቆም ማወቅ ነው። አሁን በምጽፈው ታሪክ አንዲት ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ቀሃ ወዳለው የእናቷ ቤት ትመለሳለች። በረቂቁ ላይ በር አንኳኩታ፣ እናቷን አቅፋ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የሆዳቸውን ተጫውተው ነበር ክፍሉ የሚያልቀው። 6000 ፊደል አለፈ። መሀል ላይ ግን አንድ መስመር አለ፦ ልጅቷ በሩ ሥር የማታውቀው የወንድ ጫማ ታያለች። እዚያው ላይ ቆረጥኩት። ቡናውና ለቅሶው ራሱን የቻለ ክፍል ወጣው። ማታውኑ አስተያየት መስጫው «ጫማው የማነው?» በሚል ጥያቄ ተሞላ።

ልብ ማንጠልጠል ብቻውን ግን አይበቃም። አሥር መስመር ጽፎ «ይቀጥላል» ማለት፣ እውነቴን ነው፣ አንባቢን መናቅ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ነገር መለወጥ አለበት።

ቴሌግራም የሚጎድለው ነገርም አለ። ከመልእክቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ስንት ሰው እንዳየው እንጂ ስንቱ እንደጨረሰው አትናገርም። ይሄን የምለካው በአስተያየቱ ነው፤ ስለ መጨረሻው መስመር የሚጠይቅ ከሌለ ክፍሉ ረዝሟል ማለት ነው። ፎቶ ካያያዛችሁ ደግሞ ለተራ ተጠቃሚ የሚፈቀደው ጽሑፍ 1024 ፊደል ብቻ ስለሆነ ሽፋኑን ለብቻው ልቀቁት።

የምወድለት ሰዓት አስይዞ መላኩን ነው። እሑድ ከሰዓት የሳምንቱን ክፍሎች አስገብቼ ለማክሰኞ፣ ለሐሙስና ለቅዳሜ ማታ አስይዛቸዋለሁ። መብራት ቢጠፋም፣ ስልኬ ቢዘጋም ክፍሉ በሰዓቱ ይወጣል።