የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ለደረሳችሁ፦ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ቢሮ ምስጋና

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምንጽፈው የተከራዮችን ወረቀት በማገላበጥ የምንረዳ ጥቂት ሰዎች ነን። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ የምትሠራ አንዲት ባለሙያንና በስልክ በአማርኛ የሚያስተረጉመውን ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅን ስማቸውን አንጠራም። አገልግሎቱ ግን ለሁሉም ተከራይ ክፍት ነው፤ ደግሞም በነፃ ነው።

የባለሙያዋ እህታችን የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደብዳቤው መቼ እጅዎ ገባ?» የዶላሩ ነገር ኋላ ይመጣል። በካውንቲው ሕግ አከራይ ኪራይ ሲጨምር ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ መጨመር የሚችለውም በ12 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦገስት 11 የደረሰ ደብዳቤ «ከኖቬምበር 1 ጀምሮ» ቢል ሦስት ወር ገደማ ስለሚመስል ዝም ብለን እናልፈዋለን። በጣት ሲቆጠር ግን 82 ቀን ነው፤ ስምንት ቀን ይጎድለዋል። ስለዚህ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታ አትጣሉት፤ በር ላይ ተለጥፎ ከሆነም ሳታነሱት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በኢሜይል ወይም በሕንፃው አፕ ከመጣም ቀኑ የሚታይበትን ገጽ አስቀሩ።

ቀጥሎ መቶኛው ይሰላል። ካውንቲው የኪራይ ማረጋጊያ ሕጉን ያጸደቀው በ2023 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ከጁላይ 23 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። የጭማሪው ጣሪያ የአካባቢው የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ ነው፤ ግሽበቱ የቱንም ያህል ቢወጣ ግን ከ6 በመቶ አያልፍም። ቁጥሩ በየዓመቱ ጁላይ 1 ይቀየራል፦ ከጁላይ 2024 እስከ ጁን 2025 6 በመቶ ነበር፣ ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 ደግሞ 5.7 በመቶ ሆኖ ተወስኗል። 1,850 ዶላር ይከፍል የነበረን ሰው በዚህ በሁለተኛው ዓመት ወደ 2,050 አሳድገውበት ከሆነ 10.8 በመቶ ጨምረውበታል ማለት ነው። የሚፈቀደው 105 ዶላር ከ45 ሳንቲም ስለሆነ ኪራዩ ከ1,955.45 መብለጥ አልነበረበትም። ልዩነቱ በወር 94.55 ነው፤ በዓመት ከ1,100 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ደብዳቤው ራሱ የድሮውን ኪራይ፣ አዲሱን፣ መቶኛውንና ጭማሪው የሚጀምርበትን ቀን መግለጽ አለበት። ጭማሪው በዝቷል የሚል ተከራይ ካውንቲው እንዲያይለት መጠየቅ እንደሚችልም መጻፍ ግዴታው ነው። ይህ መስመር የሌለበት ደብዳቤ ከገጠማችሁ ሳትፈርሙ ደውሉ።

ሕጉ ሁሉንም ቤት አይሸፍንም፤ ባለሙያዋም ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ትናገራለች፣ ሰው በከንቱ ተስፋ እንዳያደርግ። ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ከሕጉ ነፃ ነው። በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ብቻ ያሉት ግለሰብ አከራይም እንዲሁ። ብዙዎቻችን የሐበሻ ቤዝመንት ወይም የአንድ ሰው ኮንዶ የምንከራይ ስለሆንን ይህ ነጥብ በጣም ይነካናል። ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ለማወቅ በስቴቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገቡ፤ የግንባታው ዓመትና የባለቤቱ ስም ይወጣል። አከራዩ የኪራይ ፈቃድ እንዳለውም ከካውንቲው አጣሩ፤ ማከራየት ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ፖስታችሁ ላይ የተጻፈው የከተማ ስም ሊያሳስት ይችላል። ሮክቪል ከተማ የራሱ አስተዳደር ስላለው የካውንቲው የኪራይ ጣሪያ እዚያ አይሠራም፤ ነገር ግን «ሮክቪል» የሚል አድራሻ ያላቸው ብዙ ሕንፃዎች ከከተማው ወሰን ውጭ ናቸውና ይሸፈናሉ። ታኮማ ፓርክ ከካውንቲው በፊት የወጣ የራሱ ጠበቅ ያለ ሕግ አለው። ድልድዩን ተሻግራችሁ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያላችሁ ግን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ የኪራይ ጣሪያ የለም፤ ከዘመድ የሰማችሁትን ቁጥር ይዛችሁ አከራይ ጋር አትሟገቱ።

እህታችንን በጣም የምናመሰግንበት አንድ ምክር አለ፦ አቤቱታ ስላስገባችሁ ኪራይ አታቁሙ። ተከራይ «ጉዳዬ በካውንቲ ተይዟል» ብሎ ክፍያ ሲያቋርጥ አከራዩ ዲስትሪክት ኮርት ሄዶ «ኪራይ አልተከፈለኝም» ብሎ ይከሳል፤ ያኔ የጭማሪው ጥያቄ ቀርቶ ቤቱን ማዳን ዋና ጉዳይ ይሆናል። የድሮውን ኪራይ በቀኑ ክፈሉ፣ በቼክ ወይም ደረሰኝ በሚሰጥ መንገድ፤ በተከራከራችሁበት ልዩነት ምን እንደምታደርጉ ባለሙያዋን ጠይቁ። መዘግየት ቢኖር እንኳ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ከ5 በመቶ መብለጥም፣ 10 ቀን ሳያልፍ መጠየቅም አይችልም። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሳችሁ ደግሞ ወዲያው 211 ደውሉ፤ ሜሪላንድ በ2021 ባወጣው ሕግ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተከራዮች ነፃ ጠበቃ ይመደባል።

ቅሬታው ሲገባ ቢሮው ሁለቱንም ወገን አነጋግሮ ለማስማማት ይሞክራል፤ ካልሆነ የካውንቲው የአከራይና ተከራይ ኮሚሽን ሊሰማው ይችላል። አቤት በማለታችሁ አከራዩ ሊበቀላችሁ በሕግ ተከልክሏል፤ ይህን የምንለው ብዙ እናቶች በዚህ ፍርሃት ዝም እንደሚሉ ስለምናውቅ ነው። ሊዝ (የኪራይ ውል) ስታድሱ አከራዩ የሁለት ዓመት ውል እንዲያቀርብላችሁም ጠይቁ፤ የካውንቲው ሕግ ይህን እንዲያቀርብ ያዘዋል።

አስተርጓሚያችን ደግሞ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። «ጭማሪ»ን ከ«ቅጣት»፣ «ማስታወቂያ»ን ከ«ማስወጣት» ለይቶ ያስረዳል፤ ደንግጠው የሚደውሉ አረጋውያን ስልኩን ሲዘጉ ትንፋሻቸው ተመልሶላቸው ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስልኩ ካውንቲው ውስጥ ሆናችሁ 311፣ ከውጭ ደግሞ 240-777-0311 ነው። «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ እስኪገናኝ መስመሩ ጸጥ ስለሚል እንዳትዘጉት። ከዚያ «ላንድሎርድ ቴናንት» ብላችሁ ጠይቁ። በአካል የምትሄዱ 1401 ሮክቪል ፓይክ ነው። አሁን ያላችሁበትን ሊዝ፣ ያለፈውን ዓመት ሊዝ፣ የጭማሪውን ደብዳቤ ከነፖስታው፣ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት የክፍያ ማስረጃ ያዙ። ያለፈው ዓመት ሊዝ ከጠፋባችሁ ከባንክ ስቴትመንት ላይ የኪራዩን መጠን በማርከር አስምራችሁ አቅርቡ።