የቶቶ ፊልም በሐዋሳ፦ የአንድ ካፌ የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት

በሐዋሳ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ካፌ ቅዳሜ ማታ የሚቀርበው የቆዩ ፊልሞች ዝግጅት፣ የጣሊያናዊውን ኮሜዲያን የቶቶን ሥራ ስላሳየን ከልብ ሊመሰገን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1898 በኔፕልስ የድሆች ሰፈር በሳኒታ የተወለደው ቶቶ፣ በቲያትር መድረክ ስም ካተረፈ በኋላ ወደ ሲኒማ ገብቶ መቶ ገደማ ፊልሞችን የሠራ፣ የዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል ካጣ በኋላም እስከ ሞተበት እስከ 1967 ድረስ ትወናን ያልተወ ሰው ነው። የታየው በ1951 የተሠራው «ፖሊሶችና ሌቦች» ነበር፤ ወፍራሙ ፖሊስ አልዶ ፋብሪዚ ሌባውን ቶቶን ሲያሳድድ ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው የሚቆሙበት ትዕይንት፣ ጣሊያንኛ የማይችለውን ታዳሚ ሁሉ አስቋል። እኔን ግን ይበልጥ የነካኝ ከሳቁ ሥር ያለው የቤተሰብ ችግር ነው። የድምፅ ማጉያው ደካማ ስለሆነና የአማርኛ ትርጉም ስላልነበረ ብዙ ንግግር አምልጦናል፤ አዘጋጆቹ ቢያንስ ታሪኩን አስቀድመው ቢያስረዱን መልካም ነበር።