የተሰነጠቀ የክሬን ቢም፦ ብየዳ፣ ካርቦን ወይስ ብሎን?

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ ፎቶ ጋር ነው የሚመጣው። ፎቶው ላይ የፋብሪካ ክሬን የሚሄድበት ቢም አለ። የታችኛው ፍላንጅ (የቢሙ አግድም ክንፍ) ጠርዝ ላይ፣ ልክ ብየዳው ካለቀበት ቦታ የተነሳ ጸጉር የመሰለ መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ቡናማ የዝገት ዱቄት። ከሥሩ "ካርቦን ቢለጠፍበት ይሻላል አሉን፤ ስንት ያወጣል?" ይላል።

ትራፓኖ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ብሎን ግዙ። ለዚህ ሥራ ገበያ ላይ የሚቀርበው ካርቦን (በሙጫ የሚለጠፍ የካርቦን ክር) ብዙውን ጊዜ ለኮንክሪት የተሠራው ነው፤ ብረት ላይ ያን ያህል አይረዳም። ብየዳ ደግሞ ርካሽ የሚመስለው ክሬኑ ለሁለተኛ ጊዜ እስኪቆም ድረስ ነው።

ስሌቱ እንዲጨበጥ አንድ ቢም እንያዝ፦ ፍላንጁ 200 ሚሜ ስፋት፣ 16 ሚሜ ውፍረት፤ ስንጥቁ ከጠርዝ ተነስቶ 35 ሚሜ ገብቷል። በብር አናሰላም፤ ፕሮፎርማ በሳምንት ያረጃል። በኪሎ፣ በፍሬና ክሬኑ በሚቆምበት ቀን እንቁጠር፤ እናንተ በእጃችሁ ባለው ዋጋ አባዙት።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ የስንጥቁ ጫፍ መገኘት አለበት። ቀለሙን ጠርጋችሁ ቀዩን ሰርጎ ገብ ፈሳሽ ንፉ፤ ጠብቁ፣ ጥረጉ፣ ነጩን ንፉበት። ከላይም ከታችም ይታይ፤ አንዱ ገጽ ላይ 35 ሚሜ የሆነው ሌላው ላይ 42 ሊሆን ይችላል፤ የሚታመነው ረጅሙ ነው። ከዚያ በ22 ሚሜ ፑንታ ጫፉን ዋጥ አድርጎ የሚያልፍ ማቆሚያ ቀዳዳ ይበሳል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ የቀዳዳው ውስጥ እንደገና በቀዩ ይፈተሻል። ውስጡ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ጫፉን ስታችኋል። ወጪው ሦስት ጣሳ ስፕሬይና አንድ ፑንታ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በከንቱ ይገዛል።

ብየዳ

ወረቀት ላይ የሚያሸንፈው የለም፦ ሁለት ኪሎ ኤሌክትሮድ፣ አንድ በያጅ፣ አንድ ቀን። በትክክል ከተሠራ መጥፎ አይደለም። ስንጥቁ እስከ ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ከሁለቱም ወገን ይሞላል፣ በኃይሉ አቅጣጫ ከፍላንጁ ጋር እኩል እስኪሆን ይሞረዳል፣ በአልትራሳውንድ ይፈተሻል። ኤሌክትሮዱ 7018 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ባለው ምድጃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ደርቆ፣ ትኩስ እንዳለ ነው ለበያጁ የሚሰጠው። ካርቶኑ ተቀዶ መደርደሪያ ላይ የሰነበተ 7018 እርጥበት ይዟል፤ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከብየዳው አጠገብ ያለውን ብረት በማግስቱ ይሰነጥቀዋል።

ግን ብዙ ወርክሾፕ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ስንጥቁን ከላይ ሞልቶ ላሜራ ደርቦ ዙሪያውን ይበይዳል። በአውሮፓው የብረት ድካም (በተደጋጋሚ ጭነት የመሰንጠቅ) ደንብ የተደረበ ላሜራ ጫፍ ደረጃው ቢበዛ 56 ሜጋፓስካል ነው፤ ላሜራው ወይም ፍላንጁ ከወፈረ እስከ 36 ይወርዳል። ተወጥሮ በብሎን ከሁለት ወገን የታሰረ ላሜራ ግን 112 ነው። ቁጥሩ ብረቱ 2 ሚሊዮን ዑደት የሚችለው የጭንቀት መጠን ነው፤ ዕድሜው ደግሞ በቁጥሩ ኩብ ይሄዳል። 112 የ56 እጥፍ ነው፣ ዕድሜው ግን ስምንት እጥፍ። "ወፈር ያለ ላሜራ አድርጉበት" የሚለው ምክር ነገሩን ያባብሰዋል። አዲሱ ስንጥቅ ከላሜራው ጫፍ ይነሳል፣ አሮጌው ደግሞ ከላሜራው ሥር ማንም ሳያየው ይቀጥላል።

በመዶሻ ቅጥቀጣ ሪቬት የተያያዘ የ19ኛው መቶ ዘመን ድልድይ ከሆነ ብየዳውን እርሱት። የዚያ ዘመን ብረት ውስጥ ያለው ድኝና ፎስፈረስ ብየዳ አይወድም።

ካርቦን

ሻጩ "ከብረት አሥር እጥፍ ይጠነክራል" ይላል። ስለ መበጠሻ ኃይሉ ከሆነ ብዙም አልዋሸም። የተሰነጠቀ ብረት ግን የሚፈልገው ግትርነት፣ ማለትም ሲሳብ አለመለጠጥ ነው፦ ሸክሙን የሚካፈለው ግትርነቱ ባለው መጠን ነውና። መደበኛው የካርቦን ልጥፍ 165 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ብረት 205። ማለትም ከብረት የለሰለሰ ነገር፣ ያውም ቀጭን፣ ብረት ላይ ትለጥፋላችሁ።

በያዝነው ቢም እንየው። ፍላንጁ 3,200 ካሬ ሚሜ ነው። ከሥሩ 80 ሚሜ ስፋትና 1.4 ሚሜ ውፍረት ያላቸው ሁለት ልጥፎች ቢደረጉ 224 ካሬ ሚሜ ይሆናሉ። ግትርነት በካሬ ስፋት ሲባዛ ጭማሪው 5.6 በመቶ ነው፤ ዕድሜ በኩብ ሲሰላ 18 በመቶ ያህል ይረዝማል። አሥር ዓመት የነበረው 12 ዓመት አይሞላም። 400 ጊጋፓስካል ያለው ባለከፍተኛ ግትርነት ልጥፍ ቢሆን ጭማሪው 13.7፣ ዕድሜው 47 በመቶ፤ ዋጋው ግን የመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ስንጥቁን ተሻግሮ መለጠፉ አፉን ስለሚይዝ ትክክለኛው ጥቅም ከዚህ ስሌት በለጥ ይላል። ያንን የሚሰጠው ግን ሙጫው ከያዘ ነው።

ሙጫው ላይ ገንዘብ የሚፈስበትን እዩ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ለሆኑት ልጥፎች በ2 ሚሜ ውፍረት የሚፈጀው ኢፖክሲ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ቢሆን ነው። የሚሸጠው ግን በ6 ኪሎ እሽግ ነው። ማጠንከሪያው ቆዳና ብረት የሚበላ ኬሚካል ስለሆነ ማጓጓዣው እንደ አደገኛ ዕቃ ይከፈልበታል። ለአንዱ ኪሎ የስድስቱን ትከፍላላችሁ፤ የተረፈው ተከፍቶ ከቆየ አይታመንም። ለዚህ ነው አንዳንድ ሱቅ በላስቲክ ከፋፍሎ የሚሸጠው፤ እሱን አትንኩ። ሦስት ለአንድ በክብደት የሚደባለቅ ሙጫ በዓይን ግምት ሲከፈል አይጠነክርም፣ ወይም ይሰባበራል። አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር በሆነው ዓይነት ድብልቁ ወጥ ግራጫ መሆን አለበት፤ ነጭ ጅማት ከታየበት ገና ነው።

አስመስሎ የተሠራ "ካርቦን"ም አለ፦ ጥቁር የተነከረ መስታወት ክር። መለያው ቀላል ነው። ከጨርቁ አንድ ክር መዛችሁ ሁለቱን ጫፍ በቴስተር ያዙ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ መስታወት ጭጭ ይላል። በጋዝ ችቦ ቢያዝ መስታወቱ ቀልጦ ጠብታ ይሠራል፤ ካርቦኑ ይግላል እንጂ አይቀልጥም።

ያ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ራሱ ጣጣ አለው። ካርቦን ብረትን ከነካና እርጥበት ካገኘ ብረቱ እንደ ባትሪ እየተበላ ይዝጋል። ስለዚህ በመካከላቸው ስስ የመስታወት ጨርቅ ይገባል። ፕሮፎርማው ላይ ይህ ጨርቅ ከሌለ ሻጩ የለመደው ኮንክሪት ነው።

ሙቀቱ ሌላው ነው። በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የክሬን ቢም ያለው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው፤ ሰመራ ወይም ድሬዳዋ፣ ወይም ዱባይ ያለ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ወይም ከሲሚንቶ እቶን አጠገብ ከሆነ ህዳጉ ጠባብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ይገለበጣል፦ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሙጫው ይዘገያል። በ20 ዲግሪ ሙሉ ጥንካሬው ሳምንት ይፈልጋል፤ በዚያ ሳምንት ክሬኑ ቢሄድ ንዝረቱ ያልደረቀውን ሙጫ ያላቅቀዋል። "ካርቦን ሥራ አያስቆምም" የሚለውን እዚህ ላይ አስቡት። ከደረቀ በኋላ በሳንቲም ኳ ኳ አድርጉ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠበት ቦታ አልያዘም።

ካርቦን የሚገዛው መቼ ነው? አንደኛ፣ መብሳትም መበየድም ሲከለከል፦ የነዳጅ ቧንቧ፣ ታንከር፣ የፈንጂ ጋዝ አካባቢ። ሁለተኛ፣ ተወጥሮ ሲታሰር። በስዊዘርላንድ ሙንሽንሽታይን የኤፌል ኩባንያ የሠራው የባቡር ድልድይ በ1891 ፈርሶ ከ70 ሰው በላይ ሞተ፤ በ1892 የተተካውን ድልድይ ከ120 ዓመት አገልግሎት በኋላ የኤምፓ (የስዊዘርላንድ የቁሳቁስ ምርምር ተቋም) ተመራማሪዎች ያጠናከሩት ያለ ሙጫ፣ ጫፉ በመያዣ ተቆልፎ በተወጠረ ካርቦን ነው። ውጥረቱ ብረቱን ይጨምቃል፤ አፉ ያልተከፈተ ስንጥቅ ደግሞ አያድግም። የሙጫው ጣጣ ሁሉ ይቀራል፤ ቢጠላ ይፈታል። ለአንድ የፋብሪካ ቢም ግን መያዣውን ማሠራት ብቻውን ከብሎኑ ሥራ ሁሉ ይበልጣል።

ብሎን

ለያዝነው ቢም የሚያስፈልገው፦ ከሥር 200 በ12 በ600 ሚሜ ላሜራ፣ ከላይ በዌቡ (በቢሙ ቋሚ ክፍል) ግራና ቀኝ ሁለት 80 በ12 በ600፤ በድምሩ 20 ኪሎ ያህል ብረት። 12 ፍሬ ኤም 20 (የ20 ሚሜ) ብሎን የጥንካሬ ደረጃ 10.9፣ ከስንጥቁ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት፤ ማቆሚያ ቀዳዳው ውስጥ 13ኛው። ከዳዶና ከጠንካራ ሮንዴላ ጋር፣ ከአንድ እሽግ። የማግኔት ትራፓኖ ኪራይ፣ የአሸዋ መርጫ ኪራይ። ክሬኑ የሚቆመው ሁለት ቀን ነው፣ በሁለተኛው ማታ ይሠራል።

ይህ ሥራ የሚቆመው በመፋተግ ነው፤ ብሎኑ ላሜራዎቹን ይጨምቃል፣ ኃይሉ በገጾቹ መካከል ያልፋል። ስለዚህ የሚነካኩት ገጾች ቀለም አይቀቡም። በአሸዋ የተመታ ገጽ ላይ አንድ ብሎን 14 ቶን ያህል ይይዛል፤ በሽቦ ብሩሽ ብቻ የተጠረገ ላይ 8.4፤ እንዳለ የተተወ ላይ 5.6። ፍላንጁ በ150 ሜጋፓስካል ሲሠራ 49 ቶን ይስባል፤ ስድስት ብሎን በሽቦ ብሩሽ ለጥቂት ያልፋል፣ አንቲራስት በተቀባ ገጽ ይንሸራተታል። ካቦው "እንዳይዝግ" ብሎ ከሥር ቢቀባው፣ በአንድ ጣሳ ቀለም ሥራውን አጠፋው።

ሁለተኛው ሥራው የሚጠፋበት ቦታ ማጥበቁ ነው። ኤም 20 የ10.9 ብሎን 172 ኪሎ ኒውተን መወጠር አለበት፤ ከነቅባቱ በ450 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ያው 450 ደረቅና የዛገ ዳዶ ላይ ሲሆን የሚሰጠው 112 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው፤ ቁልፉ ጠቅ ይላል፣ ሠራተኛው ጠበቀ ብሎ ይሄዳል። ከመሃል ወደ ጫፍ ሁለት ዙር አጥብቁ፣ ዳዶውና ላሜራው ላይ በቀለም አንድ መስመር ስቡ፤ ከወር በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል።

ሲገዙ የብሎኑን ጭንቅላት እዩት። 10.9 የሚለው በጉልህ የተጻፈ፣ አጠገቡ የአምራቹ ምልክት ያለው፣ ዳዶው ላይ 10 የሚል ይሁን። ቁጥር እንጂ ምልክት የሌለው ብሎን ከየት እንደመጣ ማንም አይጠየቅበትም። ከምናለሽ ተራ የወጣ አንዴ የተወጠረ ብሎን ደግሞ ጥርሱ ደህና ቢመስልም አይመለስም፤ አዲሱ 13 ፍሬ ከመርጫው ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። 12.9 "ይበልጣል" ብለው ከሰጧችሁም መልሱ፤ በኤሌክትሪክ ዚንክ የተነከረ 12.9 ከተወጠረ ቀናት በኋላ ጭንቅላቱ በድንገት ሊበጠስ ይችላል፣ ክሬኑ ሥር ደግሞ ሰው አለ።