ለፊት ጥርስ፦ ሽቦ ወይስ ሙሌት?

ወሎ ውስጥ ፍንጭት ውበት ነው። ክፍተቱን ከወደዳችሁት፣ ንክሻችሁም (የላይና የታች ጥርሶች አገጣጠም) ደህና ከሆነ፣ አትንኩት። ሽቦ (ብሬስ) ወይስ ሙሌት (ጥርሱ ላይ ጥርስ የሚመስል ነገር ለጥፎ ማስፋት) የሚለው ምርጫ የሚመጣው ካልተመቻችሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ክፍተቱ ከምን እንደመጣ ይታወቅ። ከሁለቱ ትልልቅ የፊት ጥርሶች ጎን ያሉት አንዳንድ ሰው ላይ ቀጭንና ሹል ሆነው ይበቅላሉ። እንዲህ ከሆነ ሽቦ ብቻውን አይበቃም። ክፍተቱን ቢዘጋው እንኳ የላይኛው ረድፍ ለታችኛው ያንሳል፣ ንክሻው ልክ አይመጣም። ሐኪሞች የላይና የታች ጥርሶችን ስፋት ለክተው የሚያነጻጽሩት ለዚህ ነው። ጫፉ ሰፊ፣ ድዱ ጋ ጠባብ የሆነ ጥርስም አለ። ሲደረደር ድዱ አጠገብ ጥቁር ክፍተት ይተዋል፤ ጎኑን በጥቂቱ ሞርዶ ማቀራረብ ይቻላል።

ጊዜ፦ ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ሙሌት በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ወጪ፦ ሽቦ ውድ ነው። የመንገዱንም አስቡ። ክትትሉ በየወሩ ገደማ ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መመላለስ ቀልድ አይደለም።

ስጋት፦ ሽቦ በደንብ ካልተጸዳ ጥርስ ይበላል። ከተፈታ በኋላ ማቆያ (ጥርሱን ባለበት የሚይዝ መሣሪያ) ካልተደረገ ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል። ሙሌት ደግሞ ይሸረፋል፣ ቡናም ያቀልመዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚል ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የታች ጥርሳችሁ ከላይኛው አልፎ ወደ ፊት ከወጣ ወይም ላንቃ ከነካ፣ ሽቦ። ሙሌት ቢለጠፍበት ቶሎ ይሰበራል። ንክሻው ደህና ሆኖ ጥርሱ ብቻ ከቀጠነ፣ ሙሌት። ሁለቱም ካሉ መጀመሪያ ሽቦው፣ ከዚያ ሙሌቱ።