«አባትሽ ስንት ደቂቃ መቆም ይችላሉ?»

አብያታ ሻላ ፓርክ ሮዝ ፍላሚንጎና ሌላ ወፍ ለማየት የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ እናት ወይ አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

ማመስገን የምፈልገው አንድ አስጎብኚ ነው። የአካባቢው ልጅ ነው። ስሙን ልጽፍ ነው ስለው «ተይኝ እህቴ፣ ሰው ሲበዛ ወፎቹም ይሸሻሉ» አለኝ። እየቀለደ ይሁን ከምሩ አልገባኝም። ስለዚህ በአደባባይ ስም አልጠራም። ስልኩን ግን ለጠየቀኝ ሁሉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ አስፈቅጄዋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ 74 ዓመቱ ነው። በ1970ዎቹ ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ የሕዝብ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ ላንጋኖ በግራ፣ አብያታ በቀኝ ነው። ሾፌር ደግሞ የሚቀመጠው በግራ ነው። «ረዳቴ በሩ ላይ ቆሞ ‹ጋሼ፣ ዛሬ ዳሩ ሮዝ ሆኗል!› ይለኛል። እኔ ምን አያለሁ? መንገድ ነው የማየው» ይላል። ሲመለስስ? ሲመለስ ሐይቁ በእሱ በኩል ነው፤ ግን ከሻሸመኔ የሚነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። እዚያ ሲደርስ ገና አልነጋም። ያን ሁሉ ዓመት በአጠገቡ ሲመላለስ ሐይቁን አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላየውም።

ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ ደጋገመው። አንድ እሁድ ቡና እየጠጣን «ያን ሮዝ ነገር ሳላየው ልሄድ ነው መሰለኝ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የመጀመሪያው ጉዟችን በቡድን ነበር። «የአንድ ቀን ጉዞ፣ ምሳን ጨምሮ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ለሁለት ሰው ከፈልኩ። ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን የተባለው 2 ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሚኒባሱ ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ለቁርስ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ቆምን፤ ቁርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ፓርኩ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። መጀመሪያ ከሰጎኖቹ ጋር ፎቶ ተነሱ ተባለ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን። ዳር አልኩ እንጂ፣ መኪናው ከቆመበት እስከ ውሃው ያለው ሜዳ ማለቂያ የለውም። ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይን የሚወጋ ሜዳ። «ከዚህ በእግር ነው» አሉን።

አባቴ ጉልበቱን ያመዋል። ስመዘገብ ነግሬያቸው ነበር። «ችግር የለም» ብለውኛል። ያቺን «ችግር የለም» አሁንም ስሰማት ይነስረኛል።

ልቆይ ስለው እምቢ አለ። «ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ። ልክ እንደ ረዳቱ ሆንኩለት ማለት ነው። ሄድኩ። ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል፤ ወፎቹ በሩቁ እንደ ጭስ ይርገበገባሉ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ለቪዲዮ እንዲያምር እያጨበጨበ ሮጠባቸው። ሌላው ድንጋይ ወረወረ። ተነስተው በረሩ፤ ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ አፈርኩ። ተመልሼ ሚኒባሱ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ለተቀመጠው አባቴ ምን ብዬ ልንገረው?

ሁለተኛው ደግሞ «ለቤተሰብ የግል ጉዞ እናዘጋጃለን» የሚል ቢሮ ነው። «ፍላሚንጎ መቶ በመቶ ጋራንቲ» አሉኝ። ቀብድ ከፈልኩ። ቀኑ ሲደርስ ስልክ አይነሳም። ቀብዴም በዚያው ቀረ። አባቴ ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሳሎን እስከ 3 ሰዓት ጠበቀ። ስም አልጠራም። እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ተስፋ ቆርጬ ሳለ ነው አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የዚህን ልጅ ስልክ የሰጠኝ። ደወልኩለት። ፍላሚንጎ፣ አባቴ፣ አውቶቡስ፣ ቀብድ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩለት። እስክጨርስ ጠበቀኝና የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር፦ «አባትሽ ስንት ደቂቃ መቆም ይችላሉ?»

ዝም አልኩ። እስከዚያ ቀን ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አባቴን ጠይቄው አላውቅም። ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ጠየቅኩት። «አሥር ደቂቃ» አለ። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። የትኛው ዓይናቸው ይሻላል? ዝቅ ያለ ነገር ላይ ተቀምጠው ሲነሱ ሰው ይደግፋቸዋል? ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስቸግራቸዋል? መኪናሽ ከፍ ያለ ነው ወይስ የቤት አውቶሞቢል? ሐኪም ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ስለ ወፍ ገና አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በመጨረሻ «በዚህ ሳምንት አትምጡ» አለኝ። ዝናብ ጥሎ ዳሩ ጭቃ ሆኗል፣ ፍላሚንጎውም አብዛኛው ጭቱ ሄዷል አለ። ጭቱ ከሻላ ወዲያ ያለች ትንሽ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ናት። «ልወስዳችሁ እችላለሁ፤ ግን መንገዱ ለአባባ ጉልበት አይሆንም። እዚህ ሲመለሱ እደውልልሻለሁ።» ስለ ጋራንቲው ነገርኩትና ሳቀ። ወፎቹ የሚከተሉት ምግባቸውን ነው አለኝ። ትንንሾቹ ፍላሚንጎዎች የሚበሉት ሶዳ ያለበት ውሃ ላይ የሚበቅል ዓይን የማይለየው አረንጓዴ ነገር ነው። ውሃው ሲጨምርም ሲቀንስም ምግቡ ይለዋወጣል፤ እነሱም ከሐይቅ ሐይቅ ይዞራሉ። «ጋራንቲ የሚልሽ ሰው ወፎቹን አያውቃቸውም።»

እደውላለሁ ካለ ሰው ስንቱ ይደውላል? እኔ ረስቼው ነበር። በ19ኛው ቀን ደወለ። «አሁን ኑ።»

እንዴት እንደምንመጣም እሱ ነው ያቀደልን። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አባባን አታድክሚ፣ ባቱ እደሩ አለ። አደርን። ማታ አሳ በላን፤ አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳህኑን ጨረሰ። ሌሊት 11 ተኩል ተነሱ አለ። ምክንያቱንም ነገረን፤ ጠዋት ፀሐይ ከኋላችሁ ትሆናለች፣ ከሰዓት ግን ፊት ለፊት ትወጋችኋለች፣ ሲሞቅ ደግሞ ሁሉም ነገር ይርገበገባል። የመጀመሪያው ቡድን በስድስት ሰዓት የወሰደን ለምን እንደሆነ አሁንም አይገባኝም።

በሩ ላይ እየጠበቀን ነበር። በአንድ እጁ ረዥም ዱላ፣ በሌላው ከቤቱ ያመጣት በርጩማ። አባቴ ከድሮ መንገዱ የቀረችውን ኦሮምኛ አወጣና «አካም ጅርታ» አለው። ልጁ ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተግባቡ፤ እኔ ሾፌር ብቻ ሆንኩ።

ሜዳው ላይ ስንገባ በየጥቂቱ «ቁሚ» ይለኛል። ይወርድና መሬቱን በዱላው ወጋ ወጋ ያደርጋል። እኔ ደረቅ ነው ብዬ የማስበውን ነጩን ቦታ «እሱ ነው አታላዩ፣ ከሥሩ ጭቃ ነው» ይላል። እንዴት እንደሚለየው አልገባኝም። ብቻ ሌሎች በእግር ሂዱ ያሉንን ሜዳ እሱ ዞሮ ዞሮ በመኪና አሻገረን። በመጨረሻ «እዚህ ይበቃናል» አለ። አባቴ ከመኪናው ወርዶ የተራመደው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

በርጩማዋን አስቀመጠ። አባቴን ደግፎ አስቀመጠው። ከዚያ ቴሌስኮፑን ተከለና እግሮቹን አሳጥሮ አባቴ ዓይን ልክ አደረሰው። ሁለት ቦታ ጠመዘዘ፣ አንዱን ወደ ታች ሳበ፤ ምን እንዳደረገ አትጠይቁኝ። «በግራ ዓይንዎ ነው አባባ» አለ። በስልክ የነገርኩትን አልረሳም። የቀኙ ሞራ ያለበት ነው።

አባቴ አጎንብሶ አየ። ዝም አለ። በጣም ዝም አለ። አልታየውም ብዬ ሆዴ ባባ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ በሹክሹክታ፣ «ጭንቅላታቸውን ገልብጠው ነው እንዴ የሚበሉት?» አለ።

ልጁም በሹክሹክታ «አዎ አባባ፣ አፋቸው እንደ ወንፊት ነው፤ ውሃውን ያጣራሉ» አለው። «ሮዝነታቸውም ከሚበሉት ነው የሚመጣው።»

በባዶ ዓይንም ይታዩ ነበር። ዳሩ ሮዝ ነው፤ ረዳቱ እውነቱን ነው። ግን የአባቴን ጀርባ ነው ያየሁት፣ ወፎቹን አይደለም። ከኮቱ ኮሌታ በላይ አንገቱ ላይ ያለችው ሽበት በንፋሱ ትርገበገባለች። አልቅሻለሁ፤ ምን ታደርጉኛላችሁ።

ትንሽ ቆይቶ ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ተሰብስበው ወደ ውስጥ መራመድ ጀመሩ። ልጁ ወዲያው እጁን ዘረጋ። «ተጠግተናል፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንበል።» ስልኬን ይዤ ወደ ፊት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ተመለስኩ። እነሱም ተረጋግተው መብላት ቀጠሉ። ድንጋይ የወረወረው ልጅ ትዝ አለኝ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። ልጁ ከኪሱ የተጨማደደ ደብተር አወጣና አባቴን «እርስዎ ሲነዱ ውሃው የት ድረስ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከምሩ ነው። «እኔ አልደረስኩበትም፤ እርስዎ አይተውታል» አለው።

አባቴ ተነሳ። በልጁ ትከሻ ተደግፎ ቆመ። ከኋላችን፣ ከመኪናችንም ወዲያ፣ ግራሮቹ አጠገብ ወዳለው ቦታ ጠቆመ። «እዚያ ድረስ ነበር፤ ረዳቴ ከአስፋልቱ ሆኖ የሚያየው እሱን ነው።» አሁን የቆምንበት ሁሉ ያኔ ውሃ ነበረ ማለት ነው። መንገድ ዳር የአብያታ ቆሮሶ ይሸጥ እንደነበርም ነገረው። ልጁ እያንዳንዷን ይጽፋል። ከዚያ ተራውን አስረዳን፤ አብያታን የሚመግበው ቡልቡላ ወንዝ ከባቱ ሐይቅ ነው የሚመጣው፣ ላይ በመስኖ ብዙ ውሃ ይወሰዳል፣ ከራሱ ከሐይቁም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጨው ማምረቻ ውሃ ተስቧል። ውሃው ሲያንስ ጨዉ በዛ፤ ጨዉ ሲበዛ አሳው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ድሮ አሳ የሚያጠምዱት እዚህ ነበር፤ አሁን ሩቅ ነው የሚሄዱት። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። የተጠየቀ ሰው እንዴት እንደሚቆም አይታችኋል? አሥር ደቂቃ ነው የምቆመው ያለው ሰውዬ ሃያ ደቂቃ ሳይቀመጥ አወራ። ሰዓት ያየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በመኪና ኮረብታው ላይ ወጣን፤ ሁለቱም ሐይቆች ከዚያ ይታያሉ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው። አብያታ ከአጠገቡ እንደ ፈሰሰ ወተት ተዘርግቷል። ሻላ ዳር ያለው ፍልውሃ ጋም ወሰደን። ምንጩ ጋ ውሃው ያቃጥላል፤ ልጁ በራሱ እጅ እየነካ ወረደና የበረደበትን ቦታ አገኘ። አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ጉልበቱን አስነከረ። «ይህንን ነው ቀድመህ መንገር» አለው።

ስለ ጉዞው ለምትጠይቁኝ፦ የአውሮፓ እንግዳ ወፎችንም ማየት ከፈለጋችሁ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሂዱ። ኮፍያና ውሃ ያዙ። የመግቢያውን በሩ ላይ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። የልጁን ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ነገ ሲጨምር እኔን እንዳትወቅሱኝ። ለእኔ ግን ከቀለጠው ቀብዴ ያነሰ ነበር። ጉርሻ ስሰጠው አልቀበልም ብሎ ታገለኝ፤ ለደብተር ነው ብዬ ኪሱ ከተትኩለት። አትምጡ ካላችሁ አትሂዱ። እደውላለሁ ካላችሁ ጠብቁት፤ ይደውላል። ደግሜ እላለሁ፣ ይደውላል።

ስንመለስ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ሐይቁ በሾፌሩ በኩል ነው። አባቴ ከጎኔ አንገቱን አስግጎ በእኔ መስኮት ያያል።

«አየሽው? ዳሩ አሁንም ሮዝ ነው።»

«አባዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አልኩት።

እስከ ቡልቡላ ድረስ ሳቀብኝ።