ያው መምህር በሁለት ዋጋ፦ መሀል ከተማ የግል ወይስ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ?

ነሐሴ በገባ ቁጥር የሚደወልልኝ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። «ልጁን 9ኛ የት ላስገባው?» ቢሮ፣ ሰፈር፣ ዕድር ላይ ሳይቀር ይኸው ነው። ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው ለሁለቱም ስለከፈልኩ ነው። የመጨረሻውን ወንድሜን 9ኛና 10ኛን በግል አስተምሬ፣ 11ኛ ላይ ወደ መንግሥት አዛወርኩት፤ በ2018 12ኛ ደረሰ። መልሴን ከአሁኑ ልናገር፦ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ የመንግሥቱን ያዙ፤ የተረፈውን ብር ለአስጠኚ አድርጉት።

11ኛ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ወንድሜ እየሳቀ ቤት ገባ። የፊዚክስ መምህሩ ያው ሰውዬ ሆኖ አገኘው! ለካ ቋሚ ሥራው የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ነው፤ ግሉ ጋ ከሰዓት በፓርት ታይም ነበር የሚመጣው። «እዚያ ደክሞት ነበር የሚገባው፣ እዚህ ጠዋት ነው የምናገኘው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የከፈልኩት ለደከመ ሰው ኖሯል።

እስቲ ደረሰኞቼን ልዘርግፋቸው። በ2016 ለግሉ ምዝገባ 3,500፣ በወር 5,200 የአሥር ወር 52,000፣ መጽሐፍ 4,680፣ ከራሳቸው ሱቅ ብቻ የሚገዛ ዩኒፎርም 3,800፣ «የላብራቶሪና የአይሲቲ» የሚባል 1,800፣ ሰርቪስ በወር 2,800 ሂሳብ 28,000። ድምር 93,780 ብር። በ2017 የመንግሥቱ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። የወላጅ መዋጮ 500፣ ዩኒፎርም ከነስፌቱ 2,200፣ የዓመት ትራንስፖርት 6,000 ገደማ፣ ለጎደሉ መጻሕፍት ኮፒ 1,140። በዚህ ላይ የሒሳብና የፊዚክስ አስጠኚ በወር 3,000 ቀጥሬለት 30,000። ድምር 39,840። ልዩነቱ 53,940 ብር ነው፤ ያውም አስጠኚው ተጨምሮ፣ የአንድ ዓመት የዋጋ ንረትም ገብቶበት።

«ግን እኮ ላብራቶሪ አላቸው» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ያስመዘገብኩት ቀን በበሩ መስታወት አሳዩኝ፤ ነጭ ጠረጴዛ፣ የተደረደረ ብልቃጥ፣ ጥግ ላይ የቆመ አጽም። በዓመቱ መጨረሻ የወላጅ ቀን ላይ ክፈቱልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ቁልፉ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከሁለቱ ማይክሮስኮፕ አንዱ ሌንስ የለውም፤ የሙከራ ቱቦዎቹ ላይ ደግሞ የሱቁ የዋጋ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። የኮምፒውተሩ ክፍል ይብሳል። ከ24ቱ የሚነሱት 9 ናቸው፤ የቀሩት «ጥገና ላይ» ናቸው። ጥገናው ምን እንደሆነ በዓይኔ አየሁ፤ ጠጋኙ ልጅ ከአንዱ ኮምፒውተር ራም (ሚሞሪ) ነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካል። በቃ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በኦንላይንም በሚሰጥበት አገር!

የመንግሥቱ ላብራቶሪም አዲስ አይደለም። 58 ተማሪ ሆነው ነው መምህሩ ሲሠራ የሚያዩት፤ ከኋላ ያለው አንገቱን እንደ ሰጎን ያስረዝማል። ግን ይሠራል። አሲድና ቤዝ የሚለየው የሊትመስ ወረቀት ቀለም ሲቀይር ወንድሜ መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው።

ሊትመስን ካነሳሁ የመጽሐፉን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ከወረቀት በፊት በፒዲኤፍ ነው የደረሰን። ግሉ ትምህርት ቤት እሱን በጥቁርና ነጭ አባዝቶ አንዱን በ520 ብር ሸጠልኝ፤ ዘጠኝ መጽሐፍ። ኬሚስትሪው ላይ ቀይ ሊትመስም ሰማያዊ ሊትመስም ያው አመድ ናቸው። የጂኦግራፊው ካርታ ጥላሸት የነካው ምጣድ ይመስላል። ኅዳር ሳይገባ ሙጫው ለቀቀ፤ ከሒሳቡ መሀል 16 ገጽ መጀመሪያውኑ የለም። ኮፒ ቤት ቢሠራ 380 ነበር፤ ያውም ስፒራል ገብቶለት። መንግሥት ቤት ታትሞ የመጣውን ያውሱታል፤ ለሁለት አንድ ይደርሳል፣ ሦስቱ ደግሞ ጭራሽ አልነበሩም። ሰኔ ላይ ካልመለሰ ክሊራንስ የለም፤ ስለዚህ ይሸፍኑታል፣ ይጠብቁታል።

ሌላው አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የግሉ የውጤት ካርድ ነው። 10ኛ ላይ አማካዩ 91 ነበር፤ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች። መንግሥት ቤት የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና 47 አመጣ። ልጁ አልሰነፈም፤ 91ዱ ነው የተጋነነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። በየካርዱ ላይ 90 ሲጽፍ የኖረ መምህር ሁሉ ያን ቀን ተጋለጠ፤ የመንግሥቱም የግሉም። ስለዚህ በር ላይ የተሰቀለ ባነር አይሸውዳችሁ። «ስንት አለፈ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ተፈተነ?» በሉ። ባነሩ ላይ ፎቶዋ ያለው አንዲት ልጅ ከ70 ተፈታኝ አንዷ ልትሆን ትችላለች።

ግሉ የሚበልጥበት የለም አልልም። ልጁ ሲቀር በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይደውላሉ፤ መንግሥት ቤት ግን ሦስት ቀን ቢፎርፍ የምሰማው ከጓደኛው እናት ነው። እንግሊዝኛውም ይሻላል። ራሱን ቀስቅሶ የማይሄድ፣ የሚከታተለው ሰው የሌለው ልጅ ከሆነ ግሉ ይቅርባችሁ አልልም። መምህር ስብሰባ ሄዶ ክፍለ ጊዜ ባዶ የሚያልፍበት ቀንም መንግሥት ቤት አለ።

ፕሮግራሙን በሚመለከት አጭር ነገር፦ 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመረጣል። የእኛው ግል ማኅበራዊ የመረጡት 11 ልጆች ብቻ ስለነበሩ ለኢኮኖሚክስ መምህር አልቀጠረም፤ የጂኦግራፊው ደርቦ ይዞታል። ትልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለቱም ዘርፍ በቂ ተማሪ አለው። ግቢው ደግሞ ግቢ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን ዳግማዊ ምኒልክን ሄዳችሁ እዩት፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው፣ ዛሬ አራት ኪሎ ላይ ያን የሚያህል ቦታ በየትኛው ገንዘብ ይገዛል? ወንድሜ የወጣበት ጂ ፕላስ ፎር ግን ለመኖሪያ ተሠርቶ የተከራየ ነው። ኳስ የሚጫወቱት መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር፤ ለተሰበረ የጎን መስታወት 900 ብር ያዋጣሁትን ከላይ መደመር ረስቻለሁ።

ለማዛወር የወሰነ ካለ ሰኔ ላይ ይጀምር። ግሉ ቀሪ ክፍያ እስኪዘጋ መሸኛም ትራንስክሪፕትም አይሰጥም፤ እኔን የሐምሌን «ቦታ ማስያዣ» ካልከፈልክ ብለው 12 ቀን አመላልሰውኛል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስደርስ መዝጋቢዋ «ቦታ ሞልቷል ወንድሜ፣ ጳጉሜ ላይ ብቅ በል፣ የቀረ ካለ» አለችኝ። ጳጉሜ 3 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።