የሰርግ ቪዲዮዎቼን ከሞተ ሬድ ላይ ላወጣልኝ የፒያሳው ልጅ ምስጋና

ሰላም ጎንደሮች። ይሄን ሳምንት ሙሉ ልፅፈው እያልኩ ስራ ሲይዘኝ ቆይቶ ዛሬ ግን ሳልፅፍ አላድርም ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ኮምፒውተር ላይ ፋይል የምታስቀምጡ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሰርግ እቀርፃለሁ። ቤት ውስጥ ወንድሜ የገጣጠመልኝ ሊኑክስ የተጫነበት ዴስክቶፕ አለ፣ አራት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በሬድ 5፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ በሚያሰራው ዘዴ፣ ተያይዘው 12 ቴራ ይሰጡኛል፣ የአንዱ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ስለሚያዝ አንድ ዲስክ ቢሞት ሶስቱ ይሸፍኑታል፣ ሁለት ከሄዱ ግን አለቀ። እዚያ ውስጥ የስንት አመት ስራዬ ነው ያለው፣ ጥምቀት ዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ የመጀመሪያው የነበረውን የ2012ቱን ጥር 11 ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር ላይ የቀረፅኩትም እዚያው ነው። ከሁሉም የከበደኝ ግን ዘንድሮ ጥር ላይ ቀርፄ ገና ያላስረከብኳቸው ሶስት ሰርጎች ነበሩ፣ ከጾም በፊት አደርሳለሁ ብዬ ቃል የገባሁላቸው።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶስተኛው ዲስክ ከሬዱ ወጥቷል የሚል መልእክት አየሁ። ደንግጬ አንድ ሱቅ ሄድኩ፣ ስም አልጠራም፣ ዲስኩ ሞቷል አዲስ ግዢ አሉኝ ገዛሁ፣ አስገቡልኝ፣ ሪቢልድ ማለትም የወጣውን ዲስክ ዳታ ከቀሩት ሶስቱ እያሰላ አዲሱ ላይ መልሶ መፃፍ ጀመረ፣ ሌሊቱን ሲሰራ ያድራል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ሩቡን ሳያልፍ ቆሟል፣ ሁለተኛው ዲስክም ወጥቷል፣ አንድም ፋይል አይከፈትም። ተመልሼ ብሄድ ያሉኝ በቃ ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይሰራ ነው። እዚያው ቆሜ ነው ያለቀስኩት። አንዷ ሙሽራ ሙሉ ቪዲዮው ይቆይ ግን አያቴ መልስ ላይ የመረቁኝን ብቻ ቆርጠሽ ላኪልኝ እያለች በየቀኑ ትደውል ነበር፣ እኔ ደግሞ ስልኩን ማንሳት እየፈራሁ።

ከዛ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ይሄን ልጅ ጠቆመኝ። ስደውልለት ገና ሳልጨርስ "እህቴ አሁን በርቷል?" አለኝ፣ አዎ ስለው "አጥፊው፣ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው" አለና ከፒያሳ ማራኪ ድረስ በባጃጅ መጣ።

መጀመሪያ ዲስኮቹን ሳይነቅል በማርከር ከ1 እስከ 4 ቁጥር ፃፈባቸው። ከዛ አንድ በአንድ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የራሱን መዝገብ እያነበበ አሳየኝ፣ እና ያየነው ነገር እስካሁን ያናድደኛል። ሞቷል የተባለው ሶስተኛው ዲስክ አንድም የተበላሸ ሴክተር፣ ማለትም ዳታ የሚፃፍበት ትንሽ የዲስክ ክፍል፣ የለውም! ያለበት መዝገቡ ውስጥ 199 ቁጥር ላይ ያለው ስህተት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ዳታው በኬብሉ ሲያልፍ የተበላሸበትን ነው የሚቆጥረው። ኬብሉን ነቅሎ አሳየኝ፣ በኬዙ ክዳን ተጨፍልቆ ጫፉ ላልቷል። በእውነት እየታመመ የነበረው ሁለተኛው ነው፣ 197 ላይ ማንበብ ያቃተው ሴክተር ተከማችቷል፣ ሪቢልዱ ደግሞ ሶስቱንም ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ እዚያ ሲደርስ ወደቀ። ሪቢልድ ከማስጀመራቸው በፊት ይሄን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃቸው ነበር።

እኔ ሶስተኛው ደህና ከሆነ እሱን እንመልሰው አልኩት። አይሆንም አለኝ፣ እሱ ከወጣ በኋላ ሌሎቹ ላይ ብዙ ተፅፏል፣ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ያለውን የኢቨንት ቁጥር፣ ሬዱ ላይ ለውጥ ሲኖር የሚጨምረውን ቆጣሪ፣ አነፃፅሮ ሶስተኛው በጣም ወደ ኋላ እንደቀረ፣ ሁለተኛው ግን ከ1 እና ከ4 ጋር ሊገናኝ ትንሽ እንደቀረው አሳየኝ፣ የቆየውን በግድ ብንቀላቅል ደህና የነበረውንም ፋይል ያበላሻል። ስለዚህ የታመመውን ሁለተኛ ዲስክ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም በገዛሁት አዲስ ዲስክ ላይ መገልበጥ ጀመረ። ይሄ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚነበበውን ይወስድና አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያስቀምጣል፣ የደረሰበትንም ፋይል ላይ ይመዘግባል። እኛ ጋ መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከቆመበት ቀጠለ። ቀንና ሌሊት ፈጀ፣ እሱም በየሰዓቱ እየደወለ ስንት ደረሰ ይለኛል፣ ማታ ሲመጣ እማዬ ቡና አፍልታ ጠበቀችው።

በሁለተኛው ቀን 1ን፣ ግልባጩን እና 4ን ብቻ አገናኝቶ፣ ምንም እንዳይፃፍበት ለማንበብ ብቻ ከፈተው። ፎልደሮቹ ሲመጡ እማዬ እልል ነው ያለችው። ከራሱ ያመጣው ትልቅ ዲስክ ላይ ሁሉንም ኮፒ አድርጎልኝ ነው ሌላ ነገር የነካው፣ የማይከፈት ሆኖ የቀረው ሁለት አጭር ክሊፕ ነው። የሙሽራዋን አያት ምርቃት እዚያው ቆሜ ቆርጬ ላክሁላት።

የጠየቀኝ ክፍያ ያን አዲስ ዲስክ ከገዛሁበት በጣም ያነሰ ነው፣ ልጨምርለት ብለው እንቢ አለኝ። ይልቅ ሬድ ባክአፕ፣ ማለትም ለብቻው የተቀመጠ ሌላ ኮፒ፣ አይደለም ብሎ ተቆጣኝ፣ ልክ ነው፣ እኔ አራት ዲስክ ስላለኝ የተጠበቅኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ኬብሎቹ ተቀይረዋል፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ገዝቻለሁ፣ አንድ ሙሉ ኮፒ ደግሞ አዘዞ ወንድሜ ቤት አለ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ። ስሜን አታውጪ ስላለኝ ነው እዚህ ያልፃፍኩት፣ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ እልካለሁ። ዲስክ ከነቀላችሁ ደግሞ የትኛው ከየትኛው ኬብል እንደነበር ፅፋችሁ ያዙለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።